ጨረርና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት በአንድነት ሲሰጡ የሚጠቀመውን በሽተኛ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በካንሰር የታመመ ሰው ከሐኪሙ ፊት በቀረበ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ነው። ፊተኛው ሕመሜ ምንድን ነው የሚል ሲሆን፥ ኋለኛው ይህ የምትሰጡኝ መድኃኒት እኔን ይጠቅመኛልን የሚል ነው። ለፊተኛው ጥያቄ የዛሬ ሐኪሞች ከዕጢው ጥቂት ቈርሰው በማይክሮስኮፕ መርምረው የታመነ መልስ ለመስጠት ይችላሉ። ለኋለኛው ግን መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ሰዎች ይህን ያህሉ ይጠቀማሉ ከማለት አያልፍም። በሽተኛው ደግሞ መቶ ሰው ሳይሆን አንድ ሰው ነውና፥ ከሚጠቀሙት ወገን ይሁን ከማይጠቀሙት ሳያውቅ ወደ ሕክምናው ይገባል።

ይህ ጥያቄ በዘመናችን ይልቁን የጠነከረው የጨረር ሕክምናና ኢሚዩኖቴራፒ የሚባለው የሰውነትን መከላከያ ኃይል የሚያነቃ ሕክምና በአንድ በሽተኛ ላይ በአንድነት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ስለዚህ ነገር በየጋዜጣው የሚወጣው ወሬ አንድ ጊዜ መድኃኒት ተገኘ የሚል፥ አንድ ጊዜም ተስፋው ከሸፈ የሚል ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የተገባ መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. ኤክስ ሬይ የተባለውን ጨረር ካገኙ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች ይህንኑ ጨረር ለዕጢ ማክሚያ ይሞክሩት ጀመር። ጨረር የሚገድለው ያረፈበትን ስፍራ ብቻ ነው፤ ከደረት ላይ ያረፈ ጨረር በጉበት ውስጥ ያለውን ዕጢ አይነካውም። ሆኖም እጅግ አልፎ አልፎ አንዱ ዕጢ በጨረር ሲመታ ጨረር ያልደረሰበት ሌላው ዕጢ አብሮ ሲሟሽሽ ታይቷል። ሞል የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1953 ዓ.ም. ለዚህ ነገር ከላቲንና ከግሪክ ቃል አውጥተው አብስኮፓል የሚል ስም ሰጡት፤ ትርጓሜውም ከታለመበት ርቆ የሚታይ እንደ ማለት ነው። ስም ወጣለት እንጂ ለብዙ ዘመን የሚጠብቀውም የሚያዝዘውም ሰው አልነበረም።

በሌላው ወገን ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል ካንሰርን ሊዋጋ ይችላል የሚለው አሳብ ጥንታዊ ነው። በኒው ዮርክ ዊልያም ኮሊ የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1891 ዓ.ም. ትኩሳትና የቆዳ ቍጣ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አስበው በበሽተኞች ዕጢ ውስጥ ይወጉ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ትኩሳት የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች ዕጢያቸው ሲጠፋ መታየቱን ያውቁ ነበርና ነው። ይሁን እንጂ ሰውነት የራሱን ጠላት እያየ ለምን ዝም እንደሚል በደንብ የተገለጠው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እንዳስረዱት፥ በደማችን ውስጥ ያሉት ቲ የተባሉት ተዋጊ ሕዋሳት የገዛ አካላችንን እንዳያጠፉ ልጓም ተበጅቶላቸዋል። የአንደኛው ልጓም ስም ሲቲኤልኤ 4፥ የሁለተኛው ፒዲ 1 ይባላል። ካንሰሩም ፒዲ ኤል 1 የተባለውን ፕሮቲን በላዩ አብቅሎ፥ እጁን ዘርግቶ ልጓም እንደሚስብ ሰው ሁሉ፥ ተዋጊውን ሕዋስ ያስቆመዋል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ካንሰሩን ራሳቸው አይገድሉም፤ ሥራቸው ልጓሙን መፍታት ብቻ ነው። ከእነርሱም የመጀመሪያው ኢፒሊሙማብ በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሁለቱም ሊቃውንት በ2018 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በዚህ ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ሐኪሞች በታላቁ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ በሽተኛ ጽፈው አወጡ። በሽተኛው ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ታሞ ኢፒሊሙማብ እየተሰጠው ሳለ በሽታው ይገፋ ነበር፤ ሐኪሞቹም ሕመሙን ለማስታገሥ ሲሉ ከአከርካሪው አጠገብ ያለውን አንድ ዕጢ ብቻ በጨረር መቱት። ከወራት በኋላ ግን ጨረር ያልነካው በሳንባና በጣፊያ ውስጥ የነበረው በሽታ ጭምር አነሰ። ይህ ዜና በሊቃውንቱ ዘንድ ያስነሣው ደስታ ታላቅ ነበር፤ በየአገሩም ብዙ መቶ ሙከራዎች ተከፈቱ። አንድ ሰው ሥርዓት አይሆንም የሚለውን ጥንታዊ ምክር ያስታወሱት ጥቂቶች ነበሩ።

ጨረሩ እንዴት እንደሚረዳ በላቦራቶሪ ተመርምሯል። ጨረር የመታው የካንሰር ሕዋስ ሲሰባበር በውስጡ ተሰውሮ የነበረው ነገር ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ የተቈራረጠውም ዲኤንኤ ኢንተርፌሮን የተባለውን የማስጠንቀቂያ መልእክት ያስነሣል፤ በዚያም ጊዜ ተዋጊዎቹ ሕዋሳት የጠላቱን መልክ ይማራሉ። ነገር ግን ያው ጨረር በመንገዱ ያሉትን ተዋጊ ሕዋሳትም ይገድላል፤ እነርሱ ከሕዋሳት ሁሉ ይልቅ ለጨረር ደካሞች ናቸውና። መጠኑም ለብቻው ምሥጢር አለው። በ2017 ዓ.ም. በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ እንደ ታየው፥ በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ግሬይ ከሚደርሰው መጠን የበለጠ ጨረር ሲሰጥ ትሬክስ 1 የተባለ ኤንዛይም ይነሣና የተቈራረጠውን ዲኤንኤ ጠራርጎ ስለሚያጠፋው ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ ይቀራል። እንግዲህ አንዱ ጨረር እንደ መጠኑና እንደ ስፍራው ወዳጅም ጠላትም ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሰው ላይ ሲፈተን ምን ሆነ? ከሁሉ የሚደነቀው በሳንባ ካንሰር የተገኘው ውጤት ነው። ፓሲፊክ የተባለው ሙከራ፥ ዕጢያቸው በቀዶ ጥገና ሊወጣ የማይችል 713 ሰዎችን ተቀብሎ፥ ጨረርና ኬሞቴራፒ ከጨረሱ በኋላ ለሁለቱ እጅ ዱርቫሉማብ የተባለውን መድኃኒት፥ ለአንዱ እጅ መድኃኒት የሌለበትን ውኃ ሰጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 42.9፥ ካልወሰዱት ከመቶ 33.4 ነበሩ። ከመቶ ሰዎች ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዎች ከሞት ተርፈዋል ማለት ነው፤ ይህም በዚህ በሽታ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ ጨረሩ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ከጨረሩ ጋራ እኩል ቢጀመር ይልቁን ይጠቅማል ብለው ያሰቡ ነበሩ። ነገር ግን በ2024 ዓ.ም. የተገለጠው ፓሲፊክ 2 የተባለው ሙከራ፥ በሽታው ያው፥ መድኃኒቱም ያው ሆኖ፥ ጊዜው ብቻ ስለ ተለወጠ በሽታውን በማዘግየት ረገድ ጥቅም ሳይታይበት ቀረ። በራስና በአንገት ካንሰርም 697 ሰዎች የገቡበት የአቬሉማብ ሙከራና 804 ሰዎች የገቡበት የፔምብሮሊዙማብ ሙከራ ተስፋ የተደረገውን ጥቅም አላሳዩም። አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲገምቱ፥ በአንገት ውስጥ ያሉት የንፍፊት ዕጢዎች ተዋጊ ሕዋሳት የሚማሩባቸው ቤቶች ስለ ሆኑ እነርሱን በጨረር መምታት ትምህርት ቤቱን ከነተማሪዎቹ ማቃጠል ነው ይላሉ። ግምቱ መልካም ቢመስልም ገና በሰው ላይ ተፈትኖ ያለቀ ነገር አይደለም።

በማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ የሆነው ከዚህም ይልቅ ያስገርማል። ዱርቫሉማብ ከጨረርና ከኬሞቴራፒ ጋራ ለ770 ሴቶች የተፈተነበት ሙከራ ጥቅሙን ሳያስረዳ ቀረ፤ ፔምብሮሊዙማብ በ1,060 ሴቶች ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሲፈተን ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመቶ 82.6፥ መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 74.8 ሆኑ። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ልጓም ሁለት ጫፍ ላይ የሚሠሩ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ አንዱን የሚያድን ሌላውን የማይጠቅም ከሆነ፥ የሚጠቀመውን አስቀድሞ መለየት ግድ ነው። መድኃኒቱ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ያለ ጉዳትም አይሰጥም። ልጓሙ የተፈታለት ተዋጊ ሕዋስ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሳንባ፥ ወደ አንጀት ወይም ወደ እንቅርት ዕጢ ተመልሶ የገዛ አካሉን ይወጋል። ጨረር የነካው ሳንባ ሲሆን ሁለቱም በአንድነት ሊያቈስሉት ስለሚችሉ ጥንቃቄው ይበልጣል። በሌላው በኩል ደግሞ አይጠቅምህም ተብሎ በስሕተት የተከለከለ ሰው የሚያጣው ሕይወቱን ነው። ክርክሩ ሁሉ በዚህ መካከል ነው።

እስከ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የታመነው ምልክት ያ ልጓም የሚስበው እጅ፥ ማለት ፒዲ ኤል 1 ነው። እጁ ካለ ልጓሙን የሚፈታው መድኃኒት ይጠቅማል፤ እጁ ከሌለ ምን ይፈታል የሚለው አሳብ ለአእምሮ የቀና ነው። ከዚህም የተነሣ የፓሲፊክ ውጤት በደረሰ ጊዜ የአውሮጳ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ዓ.ም. ዱርቫሉማብ እንዲሰጥ የፈቀደው ከዕጢው ሕዋሳት ቢያንስ ከመቶ አንዱ ይህ ምልክት ላለበት በሽተኛ ብቻ ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣን ግን በዚያው ዓመት ምልክት ሳይለይ ለሁሉ ፈቀደ። ሁለቱም ያነበቡት አንዱን ሙከራ ነው። አውሮጳውያን ምልክቱ የሌለባቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ሲረዝም አልታየም አሉ። የሚቃወሟቸው ሊቃውንት ደግሞ ይህ መለያ ሙከራው ሲታቀድ ያልታሰበ፥ በኋላ የተቈጠረ ነው፤ ከሲሶ የሚበልጡት በሽተኞችም ምልክታቸው አልታወቀም፤ የተመረመረውም ቍራሽ የተወሰደው ከጨረሩ በፊት ነው፤ ጨረሩ ግን ይህንኑ ፕሮቲን ሊያበዛው ይችላል ብለው መለሱ። እኛ የምንፈርድ ብንሆን ክርክሩን ከሁለተኞቹ ጋራ እናደርግ ነበር፤ በኋላ በተቈጠረ ቍጥር ሰውን ከመድኃኒት መከልከል ይከብዳልና።

በሆላንድ በ76 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2019 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ ነገሩን ጭራሽ ገለበጠው። ካንሰሩ ከሳንባ ወጥቶ የተሰራጨባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፥ ለአንዱ ወገን ፔምብሮሊዙማብ ብቻ፥ ለሁለተኛው ወገን አስቀድሞ በአንድ ዕጢ ላይ ሦስት ጊዜ ስምንት ስምንት ግሬይ ጨረር ከተደረገለት በኋላ ፔምብሮሊዙማብ ሰጠ። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዕጢያቸው ያነሰላቸው ከፊተኛው ወገን ከመቶ 18፥ ከኋለኛው ከመቶ 36 ነበሩ። ልዩነቱ አስቀድሞ የተወሰነውን መለኪያ አላለፈም። ነገር ግን ከጨረሩ ከሁሉ የበለጠ የተጠቀሙ የመሰሉት ፒዲ ኤል 1 የሌለባቸው ናቸው! ይህም ሲታሰብ ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምልክቱ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ለብቻው ሊበቃው ይችላል፤ ጨረሩ የሚያስፈልገው ተዋጊዎቹ ጨርሶ ላልነቁለት ሰው ነውና። ስለዚህ አንዱ ምልክት ለመድኃኒቱ ተገቢ የሚያደርገው ሰውና ለጨረሩ ተገቢ የሚያደርገው ሰው ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው፥ የተማረውም ጭምር፥ የሚሳሳትበትን ነገር በምሳሌ መግለጥ ያስፈልጋል። አንድ ነጋዴ በቅሎዎቹን ጭኖ ዳገት ሊወጣ ሲነሣ ለሁሉም ገብስ አበላቸው እንበል። ከዳገቱ ራስ ሲደርስ ደረተ ሰፊዎቹ በቅሎዎች ቀድመው፥ ደረተ ጠባቦቹ ወደ ኋላ ቀርተው ቢያገኛቸው፥ ገብስ የሚጠቅመው ደረተ ሰፊውን በቅሎ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ ለደረተ ጠባቡ ገብስ አልሰጥም ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ደረተ ሰፊው ገብስ ባይበላም ከዳገቱ ይደርስ ነበር፤ ምናልባትም ገብሱ በእውነት የጠቀመው ያንን ደረተ ጠባቡን ነው፤ ገብስ ባይበላ ኖሮ ከእግረ ዳገቱ ይቀር ነበርና። እውነቱን ለማወቅ ገብስ ያላበላውን የሌላውን ነጋዴ በቅሎዎች አብሮ መቍጠር ያስፈልጋል።

በሕክምናውም እንዲሁ ነው። ማን ብዙ ዘመን እንደሚኖር የሚያሳይ ምልክትና ማን በመድኃኒቱ እንደሚጠቀም የሚያሳይ ምልክት አንድ አይደሉም። በደም ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ሕዋሳት ሊምፎሳይት ከተባሉት ጋራ ሲነጻጸሩ እጅግ የበዙበት ሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ያጥራል፤ ይህ ግን በመድኃኒት ዓይነት ሳይለይ በብዙ ካንሰር የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፥ ሰውዬው መድከሙን ይነግረን እንደ ሆነ እንጂ አዲሱን መድኃኒት እንድንከለክለው አያዝዝም። በፓሪስ አጠገብ በቪልዥዊፍ የሚገኘው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም ሊቃውንትም በ2018 ዓ.ም. ብልሃት ያለበት ሥራ አቀረቡ፤ ይኸውም ከሲቲ ስካን ሥዕል ላይ የዕጢውን መልክ በኮምፒዩተር ለክተው፥ ሥጋ ሳይቈረስ በዕጢው ውስጥ ያሉትን ተዋጊ ሕዋሳት ብዛት መገመት ነው። በ2020 ዓ.ም. ይህንኑ ልኬት ጨረርና ኢሚዩኖቴራፒ በአንድነት በተቀበሉ በሽተኞች ላይ ፈትነው፥ ጨረር ያልነካው ዕጢ እንኳ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ይረዳል ብለዋል። ሥዕሉ የሚያሳየው ዕጢዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስለ ሆነ፥ ከአንድ ስፍራ ብቻ ከተቈረሰ ሥጋ በዚህ ይበልጣል። ነገር ግን ሕክምናውን ተቀብለው የተቈጠሩት ሁሉ መድኃኒቱን የወሰዱ ናቸው፤ ገብስ ያልበሉት በቅሎዎች አልታዩም። ስለዚህ ሥራው የተመሰገነ ቢሆንም በእርሱ ብቻ ሰውን ለመምረጥና ለመከልከል አይበቃም።

ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከሕክምናው በፊት ማወቅ እጅግ የሚያስቸግር ከሆነ ሕክምናው እንደ ተጀመረ ወዲያው ማወቅ ይሻላል ወደሚል አሳብ ደረሱ። በኒው ዮርክ ሲልቪያ ፎርሜንቲ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2018 ዓ.ም. በሳንባ ካንሰር ለታመሙ 39 ሰዎች ጨረርና ኢፒሊሙማብ ሰጡ፤ ዕጢያቸው ያነሰላቸው 7 ናቸው። ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም የተማሩት ነገር ብዙ ነው። በዚህ ሥራ የሚጠቀመውን የለየው ከጨረሩ በኋላ በደሙ ውስጥ የተነሣው የኢንተርፌሮን ቤታ መጠንና የቲ ሕዋሳቱ ወገኖች ፈጥነው መለዋወጣቸው ነበር። ፍጹም ከዳነው አንድ ሰው ደም ውስጥም ጨረሩ ራሱ ያስነሣውን የዕጢውን ፕሮቲን ለይተው የሚያውቁ ተዋጊ ሕዋሳት አግኝተዋል። ይህ ለጥንቱ አሳብ፥ ጨረር ለተዋጊው ሕዋስ የጠላቱን መልክ ያስተምረዋል ለሚለው፥ በሰው ላይ የተገኘ ምስክር ነው።

በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በሳንባ ካንሰር የታመሙ የ65 ሰዎች ደም ጨረርና ኬሞቴራፒ ከጨረሱ በኋላ ተመረመረ፤ የተፈለገውም ከዕጢው ወደ ደም የሚወድቀው የዲኤንኤ ቍራሽ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ኢሚዩኖቴራፒ የጨመሩም ያልጨመሩም ነበሩ። እነሆ በዚህ ጊዜ ገብስ ያልበላው በቅሎ ታየ! በደማቸው የካንሰር ዲኤንኤ ያልተገኘባቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቢጨምሩም ባይጨምሩም በመልካም ሁኔታ ቈዩ። የተገኘባቸው ግን ኢሚዩኖቴራፒ ሲሰጣቸው ዲኤንኤው ፈጥኖ የቀነሰላቸው ተሻላቸው፤ እየጨመረ የሄደባቸው በሽታው ገፋባቸው። ቍጥሩ ትንሽ፥ አመዳደቡም በዕጣ ያልሆነ ስለ ሆነ በእርሱ ሕግ አይወጣም፤ መንገዱ ግን የቀና ነው። ለማን መድኃኒት እንደማያስፈልገው፥ ለማን እንደሚበጀው፥ ለማን ሌላ ነገር መፈለግ እንደሚገባ ሦስቱንም በአንድ የደም ብልቃጥ ለመለየት ይሞክራልና።

በአገራችን ይህ ጕዳይ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚቈጠር ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአገሩ ሁሉ ብቸኛ ወደ ነበረው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ክፍል ከሚመጡት ሴቶችም ብዙዎቹ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጨረሩ ለእነርሱ ዋናው ሕክምና ነው። አንድ ቀን የመከላከያው መድኃኒት ይጨመር የሚል አሳብ በመጣ ጊዜ ምልክት መለያ መሣሪያ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አብረው መምጣታቸው አይቀርም፤ በሌላ አገር ሰዎችና በሌላ አገር የሥዕል መሣሪያ የተሠራ ልኬት በእኛ ሴቶች ላይ ሳይፈተን እንዳይገዛ ዛሬውኑ ማሰብ የባለሥልጣኖቻችን ፋንታ ነው።

ያ 1,060 ሴቶች የገቡበት የፔምብሮሊዙማብ ሙከራም በዚህ ረገድ የሚያሳየው ነገር አለ። ከገቡት ሴቶች እጅግ የሚበዙት ፒዲ ኤል 1 የተገኘባቸው ስለ ነበሩ ያ የተደነቀ ምልክት አንዲቱን ከሌላዪቱ ለመለየት አልጠቀመም። የአሜሪካ ባለሥልጣን በጥር 2024 ዓ.ም. መድኃኒቱን ሲፈቅድ የለየው በፕሮቲንም በዲኤንኤም ሳይሆን በበሽታው ደረጃ ነው፤ ይኸውም ካንሰሩ ከማኅፀኑ በር አልፎ ወደ ታችኛው የብልት ክፍል፥ ወደ ዳሌ አጥንት ግድግዳ ወይም ወደ ጎረቤት አካላት ለደረሰባቸው፥ ማለት ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ወደ ሩቅ አካል እስካልተሰራጨው እስከ አራተኛው ደረጃ መጀመሪያ ላሉት ሴቶች ፈቀደ። ይህን ደረጃ ሐኪም በእጁ ዳስሶና በሥዕል ተመልክቶ ይለየዋል፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ከሚመጡት ሴቶችም ብዙዎቹ የሚገኙት በዚሁ ደረጃ ነው።